የጉንደላው አስተርጓሚ

ሰው ከሰው ጋር ሲተዋወቅ የሚቀርቡ ሦስት ጥያቄዎች አሉ። ስምህ ማን ነው፣ አገርህ የት ነው፣ ምን ተማርክ? የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ማንም በሰላም ያልፋቸዋል። በሦስተኛው ላይ ግን ሰው ለሁለት ይከፈላል፤ መልሱ ወሬ የሚያመጣለትና መልሱ ወሬ የሚገድልበት። «ነርስ ነኝ» ያለ ሰው ሚኒባስ ውስጥ ወንበሩ ሳይሞቅ ጎረቤቱ ስለ ጨጓራው ይነግረዋል። «ሕግ ነው የተማርኩት» ላለ ደግሞ ከሚዛን ከተማ ሳይወጡ የአጥር ክርክር ይቀርብለታል። እኔ ስጠየቅ «ስፓኒሽና ፖርቱጋልኛ» እላለሁ። ጠያቂዬ ፊቱን ወደ መስኮቱ ያዞርና ዕድሜውን ሙሉ ሲመላለስበት የኖረውን ደን ገና ዛሬ እንዳየው ሰው በጥሞና ይመለከተዋል።

አንዳንድ ደፋር ግን አይጠፋም። «ሁለቱንም?» ይላል።

«ሁለቱንም።»

«ለምን?»

ለዚህኛው እንኳ መልስ አለኝ። ዩኒቨርሲቲ የትምህርት ክፍል ስንመርጥ በሚሞላው ቅጽ ላይ ባዶ መስመር መተው አይፈቀድም ነበር። ሕግን አንደኛ፣ ኢኮኖሚክስን ሁለተኛ አደረግሁ፤ እንዲህ እያልኩ ወርጄ ወርጄ መጨረሻው መስመር ላይ ስደርስ የቀረው እሱ ብቻ ሆኖ አገኘሁት። እኔ ቅጹ እንዲሞላ ብዬ ጻፍኩት። ኮምፒውተሩ ግን ከልቤ መሰለውና መደበኝ።

አባቴ ሚዛን ተፈሪ ገበያ አጠገብ ልብስ ሰፊ ነው። የደንበኛውን ወገብ እየለካ «ልጅህ ምን ይማራል?» ሲባል ሜትሩን አንገቱ ላይ መልሶ «የውጭ ጉዳይ» ይል ነበር። ውሸት ነው አይባልም። ጉዳዩ በእርግጥም የውጭ ነው።

እንግዲህ አራት ዓመት ተማርኩ። መምህሮቻችን ጥሩ ሰዎች ነበሩ፤ ክፍሉ ውስጥ ያለነው ተማሪዎች አንድ ሚኒባስ ስለማንሞላ ስማችንን ብቻ ሳይሆን የሚያመንን ሁሉ ያውቁ ነበር። ያስተማሩን በአብዛኛው ሥነ ጽሑፍ ነው። ባህር አይቼ አላውቅም፤ ስለ ባህር ግን በሁለት ቋንቋ ማዘን ቻልኩ። ተመርቄ ስመለስ ሚዛን ውስጥ ስፓኒሽ የሚፈልግ መሥሪያ ቤት አልነበረም፤ የእንግሊዝኛ አስተማሪ የሚፈልግ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ግን ነበረ። እነሆ፣ እስከ ዛሬ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ያ ሁሉ ስፓኒሽና ፖርቱጋልኛ ለዓመታት ያገለገለው ኳስ ማሳያ ቤት ብቻ ነው። ተጫዋቹ ዳኛው ላይ ሲጮህ ቤቱ ሙሉ ወደኔ ይዞራል።

«መምህር፣ ምን አለው?»

«ስለ እናቱ ጤንነት ጠየቀው» እላለሁ። ቤቱ በሳቅ ይናጋል። ልጆቹ ያለ እኔ ኳስ መጀመር ትተው ነበር። አንድ ሰው በዲግሪው ይህን ያህል ሰው ካስደሰተ ምን ቀረበት ብዬ ራሴን አጽናንቼ ተቀምጬ ሳለሁ ነው ስልኩ የተደወለው።

«የብራዚሎችን ቋንቋ የተማርከው አንተ ነህ?» አለኝ ከሸኮ ወረዳ የደወለ የእርሻ ጽሕፈት ቤት ሰው። አነጋገሩ ክስ እንደሚያሰማ ሰው ነበር።

«ነኝ» አልኩ። ማመን ቅጣት ያቀላል ይባላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። አራት የብራዚል ቡና ገበሬዎች ለልምድ ልውውጥ መጥተዋል። ቡና መጀመሪያ የበቀለበትን ደን ማየት ይፈልጋሉ፤ የኛን ገበሬዎችም ማነጋገር ይፈልጋሉ። አብሯቸው የመጣው አስተርጓሚ ግን በጠመዝማዛው መንገድ ሆዱ ታውኮ ጅማ ላይ ቀርቷል። «ነገ ጠዋት መኪና እንልክልሃለን» አለኝ፤ መልሴን አልጠበቀም።

ከሰዓት በኋላዬን ሙሉ መዝገበ ቃላት ሳገላብጥ ዋልኩ። መጋዝ፣ ቅርፊት፣ ችግኝ፣ የጥላ ዛፍ። አራት ዓመት ሙሉ አንዱም አልተነገረኝም። የጨረቃን ብርሃን በስድስት ዓይነት መንገድ መግለጽ እችላለሁ፤ ማዳበሪያን ግን በአንድም። ስለ ጨረቃ ይጠይቁኝ ይሆናል ብዬ ተስፋ አደረግሁ።

ወቅቱ ጥር ነው፤ ቡናው ተለቅሞ ያለቀበት፣ ገበሬው ትንሽ አረፍ የሚልበት ጊዜ። ከሸኮ ወጣ ብላ ባለች አንዲት ቀበሌ ትልቅ ዳስ ተጥሏል። የእንኳን ደህና መጣችሁ ንግግር ነበር፣ ከዚያ የመክፈቻ ንግግር፣ ከዚያ ደግሞ መክፈቻውን የሚያደንቅ ንግግር። «ከዚህ አንጻር» የሚለውን አስራ አራት ጊዜ ተረጎምኩ፤ ከሰባተኛው በኋላ እንግዶቹ ራሳቸው አብረውኝ ማለት ጀመሩ። ከአራቱ ሽማግሌው አንቶኒዮ ይባላሉ። ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ቀጥ ብለው የሚቀመጡ፣ እጃቸው እንደ ግንድ ቅርፊት የሻከረ ሰው ናቸው። ከፊት የተቀመጡ አንድ የኛ ሽማግሌ ስማቸውን ሲሰሙ «እንጦንስ ማለት አይደል? የኛው ስም ነው» አሉ። ከዚያ በኋላ ዳሱ ሙሉ «አባ እንጦንስ» ይላቸው ጀመር። ተረጎምኩላቸው። ደስ አላቸው።

አጠገቤ የተቀመጠው የቀበሌው የግብርና ባለሙያ ወጣት ነው። በንግግሩ መሀል ጎሸም አደረገኝ።

«ከኋላ፣ ሰማያዊ ነጠላ የለበሱትን እትዬ ታያቸዋለህ? እትዬ ብዙነሽ ይባላሉ። ሦስት ዓመት ሙሉ ጉንደላ አድርጉ ብዬ ለምኛቸዋለሁ። እምቢ።»

ጉንደላ ማለት ያረጀን ቡና ከጉልበት በታች ቆርጦ እንደ አዲስ እንዲያቆጠቁጥ ማድረግ ነው። በወረቀት ላይ ቀላል ነገር ነው። በማሳ ላይ ግን ቤትህን የሚያበላውን ዛፍ በገዛ እጅህ በመጋዝ መጣል ነው፤ ከዚያ ሁለት ዓመት ሙሉ ፍሬ የለም፤ ከዚያ ደግሞ፣ ካቆጠቆጠ፣ ይሰጣል። ያቺ «ካቆጠቆጠ» የምትለው ቃል ነች እንቅልፍ የምትነሳው። የእትዬ ብዙነሽን ቡና የተከሉት ባለቤታቸው ነበሩ፤ ከሞቱ አምስት ዓመት ሆኗቸዋል። ዛፉ አርጅቶ የሚሰጠው በየዓመቱ እየሳሳ ሄዶ ሁለት ሴት ልጆች ማስተማሪያ አልሆን ብሏል። የሟች ታላቅ ወንድም፣ ጋሽ ደስታ፣ «ወንድሜ የተከለውን መጋዝ አያገኘውም» ብለዋል። እትዬ ብዙነሽ ቢቆርጡና ባያቆጠቁጥ ልጆቹ ከትምህርት ቤት ይቀራሉ። ባይቆርጡም ትንሽ ቆይቶ ያው ነው።

«ለእኔ የሚሉኝን ታውቃለህ?» አለኝ ባለሙያው። «‹አንተ ልጅ፣ የራስህ ቡና አለህ? ቆርጠህ ታውቃለህ?› ይሉኛል። ምን ልበል? አልቆረጥኩም። ደብተር ነው ያለኝ።»

ምሳ ተበላ፤ የጥያቄ ሰዓት ደረሰ። ሁለት ሰዎች ጥያቄ የሚመስል ንግግር አደረጉ። ከዚያ ሰማያዊዋ ነጠላ ተነሳች። እትዬ ብዙነሽ አፋቸውን የፈቱት በሸኮ ቋንቋ ነው፤ አማርኛቸው አጭርና ቀጥተኛ ነው፣ ቃል አያባክኑም።

«አንድ ነገር ነው የምጠይቀው። ይሄ አባት የራሱን ቡና በራሱ እጅ ቆርጦ ያውቃል? ተነሳለት?»

ተረጎምኩ። አንቶኒዮ ባርኔጣቸውን ሁለት ጊዜ አዟዟሩት፤ ከዚያ ዘለግ አድርገው ተናገሩ። መሀል ላይ ዓይናቸውን በመዳፋቸው ጠረጉ።

እኔና እናንተ የምናውቀው አንድ የአገራችን ሥርዓት አለ። መጥፎ ዜና በቀጥታ አይነገርም። ሰው ሞቶ «ትንሽ አሞታል» እንላለን። በማግስቱ «ጠንከር ብሎበታል» እንላለን። ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ ተመርጦ፣ ሐዘንተኛው ቁርስ መቅመሱ ተረጋግጦ፣ ያኔ ነው እውነቱ የሚወጣው። ከጭካኔ አይደለም፣ ከርህራሄ ነው። ይህ ሥርዓት አጥንታችን ውስጥ ነው ያለው። ዩኒቨርሲቲ አራት ዓመት የትርጉም ትምህርት ስማር አንድም መምህር ይህን ከእኔ ሊያወጣ አልሞከረም፤ እኔ ውስጥ መኖሩንም አያውቁም።

ስለዚህ ያ ሁሉ ንግግር ሲያበቃ ወደ እትዬ ብዙነሽ ዞሬ እንዲህ አልኩ፦

«ቆርጠዋል። ያቆጠቁጣል ይላሉ። አይዞዎት ይላሉ።»

አይዞዎት የሚለውን ሰውየው አላሉም። እሱ ከኔ የተመረቀ ነው። ባለሙያው ፊቱ በራ። መድረኩ ላይ ያሉት አጨበጨቡ። እትዬ ብዙነሽ ግን አልተቀመጡም። ከኋላ ረድፍ ተነስተው በወንበሮቹ መሀል እያለፉ መጥተው ፊት ለፊቴ ቆሙ።

«መምህር።»

«አቤት።»

«ይሄ ሰው ይህን ሁሉ ተናግሮ፣ ዓይኑን ጠርጎ፣ ያለው ያቆጠቁጣል ብቻ ነው?»

«ዋናው ሐሳብ እሱ ነው፣ እትዬ።»

«ባለቤቴ ጅማ ሆስፒታል የሞተ ቀን ደውለው ‹ለውጥ አለው፣ ትንሽ ነው የቀረው› አሉኝ። እኔ አጥሚት አፍልቼ፣ በፔርሙስ አድርጌ፣ የሚወስድልኝ መኪና ስፈልግ ዋልኩ። እሱ ከጠዋት ጀምሮ የለም። አጥሚቱን የተቀበለኝ ሾፌር እንኳ ያውቅ ነበር።» ድምፃቸውን አልጨመሩም። «የዛን ቀን ሁሉም ሰው ያሳየኝ ፊት አሁን አንተ ላይ አለ። ስንት እንደሞተበት ንገረኝ።»

ከፊት የተቀመጡ አንድ ሹም ሰዓታቸውን ያዩ ነበር፤ ማየቱን ተዉት። ባለሙያው በዓይኑ ይለምነኛል። የሦስት ዓመት ልመናው እኔ አፍ ውስጥ ነው። እውነቱን ብናገር እትዬ ብዙነሽ ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ፣ ጋሽ ደስታ ያሸንፋሉ፣ ቡናው ቆሞ ይደርቃል፤ እንዲህ ነበር ያሰብኩት። ግን ደግሞ ያቺ ፔርሙስ ታየችኝ።

ነገርኳቸው። ቡናውን የተከሉት የአንቶኒዮ አባት እንደነበሩ፤ አንድ ዓመት ውርጭ መቶት ቅጠሉ እንደ ከሰል እንደጠቆረ፤ አንቶኒዮ ሁሉንም ከጉልበት በታች እንደቆረጡት፤ አባትየው ወንበራቸውን ከማሳው አዙረው ጀርባቸውን ሰጥተው እንደተቀመጡና ያን ወቅት ሙሉ ልጃቸውን እንዳላነጋገሩ። አብዛኛው እንደተነሳ። ሁለት ረድፍ ሙሉ ግን ሞቶ እንደቀረ። ሁለት ዓመት የጎረቤት ቡና በቀን ሥራ እየለቀሙ ልጆቻቸውን እንዳበሉ። መጀመሪያው ፍሬ የቀላ ጊዜ አባትየው በሕይወት እንዳልነበሩ።

«አይዞዎት አላሉም» አልኩ መጨረሻ ላይ። «እሱን እኔ ነኝ የጨመርኩት።»

እትዬ ብዙነሽ ወደ አንቶኒዮ ዞሩ።

«ሁለት ረድፍ» አሉ።

«ሁለት ረድፍ።»

«የኔም ባለቤት ፍሬውን ሳያይ ነው የሚቀረው በለው።»

አልኩ። ሽማግሌው ብድግ ብለው ቆሙ፤ ባርኔጣቸው መሬት ላይ ወደቀ፣ አላነሱትም። ማሳውን ማየት ይቻል እንደሆነ ጠየቁ። በፕሮግራሙ ላይ የነበረው የችግኝ ጣቢያ ጉብኝት ነው፤ ፕሮግራሙ ግን ያን ሰዓት በሰማያዊዋ ነጠላ እጅ ወድቋል።

አስር ደቂቃ ሽቅብ በእግር ነው። አንቶኒዮ እያለከለኩ ከግንድ ግንድ ሄዱ። በአውራ ጣታቸው ጥፍር ቅርፊቱን ላጥ ያደርጋሉ፤ ከስሩ አረንጓዴ ከሆነ «ይህኛው ሕያው ነው» ይላሉ፤ ቡናማ ከሆነ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። አንዱንም አላለፉም፤ ስለ አንዱም አልዋሹም። እኔ ከኋላቸው «ይኖራል፣ ይኖራል፣ አይኖርም፣ ያጠራጥራል» እያልኩ እከተላለሁ። እትዬ ብዙነሽ የሞቱት ግንዶች ላይ ለምልክት ሣር ይቋጥራሉ። ማሳው ጫፍ ላይ ጋሽ ደስታ ክንዳቸውን አጣጥፈው ቆመዋል፤ ፊታቸውን ቋጥረዋል፣ ግን አልሄዱም።

ስንለያይ እትዬ ብዙነሽ ለአንቶኒዮ ያሉት «መንገዱን በሰላም» ብቻ ነው። ይቁረጡ አይቁረጡ አልተናገሩም። ባለሙያው እስከ መኪናው ድረስ አኮረፈኝ። አልፈረድኩበትም።

ሳምንት ሳይሞላ እሱው ራሱ ደወለልኝ። ሳቅ ቃሉን እየቆራረጠበት የነገረኝ ይህን ነው። እትዬ ብዙነሽ መጋዝ ተውሰው ብቻቸውን ቆረጣ ጀመሩ። ጋሽ ደስታ ሰምተው ዱላ ይዘው ሊከለክሉ መጡ። መጥተው ቆሙ፤ አንድ ሲቆረጥ አዩ፣ ሁለት ሲቆረጥ አዩ፤ ሦስተኛው ላይ «አንቺ፣ እንደዚህ ጠፍጣፋ አድርገሽ ከቆረጥሽው ዝናብ ተኝቶበት ይበሰብሳል፤ ሰያፍ አድርገሽ ቁረጪው!» ብለው ጮሁ። እትዬ ብዙነሽ ሰያፍ አድርገው ቢቆርጡም ለጋሽ ደስታ አልተዋጠላቸውም። ዱላውን ጥለው መጋዙን ቀሙ። ወንድማቸው የተከለውን ቡና እስከ ማታ ድረስ ራሳቸው ቆረጡት፤ እንባቸው እየወረደ ነው ይላል ባለሙያው፣ ግን አንዱም ጠፍጣፋ አልነበረም።

ከዚያ ዝናቡ መጣ። እኔ ወደ ክፍሌና ወደ ኳስ ማሳያ ቤቴ ተመለስኩ። ደመና ባየሁ ቁጥር ግን ሸኮ ትዝ ይለኛል። አንድ ሰው በሌላ ሰው ማሳ ላይ ይህን ያህል ሊጨነቅ እንደሚችል አላውቅም ነበር። እነዚያን ቃላት ያስተላለፈው የኔ አፍ ነው፤ ካልተነሳ እኔም አለሁበት።

ግንቦት ላይ እትዬ ብዙነሽ ራሳቸው ደወሉ።

«መምህር፣ ቅዳሜ ና።»

«ምነው፣ ደህና አይደለም እንዴ?»

«ና ብያለሁ።» ዘጉት።

ይህ እንግዲህ በአገራችን ደንብ ደግ አይደለም። ሚኒባሱ ውስጥ ጎረቤቴ ምን እንደተማርኩ ጠየቀኝ፤ ዛሬ ደኑን ለማየት ፊቴን ቀድሜ ያዞርኩት እኔ ነኝ።

እትዬ ብዙነሽ ከበሩ ላይ ተቀብለው፣ ሰላምታ ሳናበዛ፣ በቀጥታ ወደ ላይ ወሰዱኝ። መጀመሪያ ያሳዩኝ የሞቱትን ነው። አንድ ሙሉ ረድፍና የሌላው ግማሽ፤ ግራጫ፣ ደረቅ፣ ምስጥ የጀመረው። ከአንዱ ወደ አንዱ እየወሰዱ በእጄ አስነኩኝ። 

«እነዚህ ናቸው የሞቱት። አየህ?»

«አየሁ፣ እትዬ።»

«እሺ፣ አሁን ዙር።»

ዞርኩ። ከተዳፋቱ ማዶ ያለው ማሳ ሁሉ፣ እያንዳንዱ ጉቶ፣ ጭንቅላቱ ላይ የሚያብረቀርቅ አረንጓዴ ቅጠል ተሸክሞ ቆሟል። አንዳንዱ ሦስት ቀንበጥ፣ አንዳንዱ ሰባት። ጋሽ ደስታ መሀላቸው ተንበርክከው የበዛውን ቀንበጥ እየቀነሱ ነበር፤ አዩንና «ረግጣችሁ እንዳትመጡ!» ብለው ተቆጡን።

ምን ልበላችሁ። ያን ምደባ የሰጠኝን ኮምፒውተር አመሰገንኩ። ባህር ላላየ ልጅ ስለ ባህር በትዕግስት ያስነበቡኝን መምህሮቼን አመሰገንኩ። የሰው ወገብ እየለካ ያስተማረኝን አባቴን አመሰገንኩ። በጠመዝማዛ መንገድ ሆዱ የታወከውን ያን የማላውቀውን አስተርጓሚ ሳይቀር አመሰገንኩ፤ ይማረው። አራት ዓመት የተማርኩት ለአንድ ከሰዓት በኋላ ነበር። ልክ ነው፣ አይበዛም።

በስልኬ ፎቶ አነሳሁ። እትዬ ብዙነሽ የሞተውን ረድፍም አንሳ ብለው አስገደዱኝ፤ ሁለቱም ፎቶዎች ብራዚል ወዳሉት አንቶኒዮ ሄዱ። መልሱን ስንጠብቅ አንዱ ጉቶ አጠገብ ጎንበስ ብለው ቀንበጡን በጣታቸው ነካ እያደረጉ ቀስ ብለው ያወሩት ጀመር። በሸኮ ቋንቋ ነው። አንድም ቃል አልገባኝም። ሚዛን ተወልጄ፣ ሚዛን አድጌ፣ ውቅያኖስ ማዶ ያለን ሰው ሆድ አውቄ፣ የአንድ ሰዓት ተኩል መንገድ ጎረቤቴ ለገዛ ቡናዋ ምን እንደምትል አላውቅም።

«እትዬ፣ ምን አሉት?»

ቀና ብለው አዩኝ። ቃሉን ደገሙልኝ። ደገምኩ። እንደገና አስደገሙኝ፤ ደገምኩ። እዚህ አልጽፈውም፣ የባሰ አበላሸዋለሁና። ጋሽ ደስታ ሰምተው ከተንበረከኩበት ሳቃቸውን ለቀቁት፤ እትዬ ብዙነሽ እየሳቁ መሬት ላይ ተቀመጡ።

«መምህር፣ ይሄ ላንተ አራት ዓመት አይበቃህም።»

«ቡናው መቼ ነው ፍሬ የሚይዘው?» አልኩ።

«ሁለት ዓመት አለው።»

«እንግዲያው ከፍሬው ጋር ቀስ እያልን እንደርሳለን» አልኩና አጠገባቸው ተቀምጬ ቃሉን እንደገና ሞከርኩት።